ሠራተኞቹ ያልለቀቁት ቡና ቤት

ታሪክ የሚሠራው በቤተ መንግሥት ብቻ ነው ያለው ማነው? በሕንድ አገር በምግብ ገበታ ዙሪያም ተሠርቷል እኮ! «ኢንዲያን ኮፊ ሀውስ» የተባሉትን አሮጌ ቤቶች እንመልከት። በእንግሊዝ ግዛት ዘመን የተከፈቱ ናቸው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የቡና ቦርድ ብዙዎቹን ሲዘጋ አስተናጋጁም ወጥ ቤቱም ሜዳ ላይ ቀረ። ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የኮሚኒስቱ መሪ ኤ. ኬ. ጎፓላን ከጎናቸው ቆሙ፤ ከ1957 ጀምሮም በየከተማው የኅብረት ሥራ ማኅበር እያቋቋሙ ቤቶቹን ራሳቸው ያዙ።

ዛሬም ነጭ ለብሶ፣ ማራገቢያ መሳይ ጥምጥም አስሮ ቡናና ዶሳ (ከተቦካ የሩዝና የጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገር፣ የእንጀራችን ዘመድ) የሚያቀርበው የማኅበሩ አባል ተላላኪ አይደለም፤ ባለቤት ነው። እኛም ሒሳብ ስንከፍል «ትርፉ ለማን?» ማለት እንልመድ።