በሸክላ የተጠበቀ ዜማ

ዜማ እንደ ወርቅ በሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም፤ ባለቤቱ ሲያርፍ፥ ተቀባይ ካላገኘ አብሮት ይቀበራል። ይህንን የተገነዘቡት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት አጸኑት። ስለዚህም ዛሬ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድባራት የሚቆም መሪጌታ፥ ከመምህሩ የሰማውን ቢጠራጠር ድጓውን ገልጦ ያቀናል።

ቤተ እስራኤል ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልነበራቸውም። በወገራ፥ በሰሜንና በደምብያ ቄሶቻቸው የሚጸልዩት በዚያው በግዕዝ ቋንቋ ሲሆን፥ በነጋሪትና በቃጭል የሚታጀበው ዜማቸው ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ይተላለፍ ነበር።

ሞሰስ አሽ የተባለ፥ በዋርሶ የተወለደ አይሁዳዊ በ1948 (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በኒውዮርክ ፎክዌይስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የቋንቋችን ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ከቤተ እስራኤል የቀረጸውን የጸሎት ዜማ ይህ ድርጅት በ1951 በሸክላ አወጣው። አሽ ገዢው ጥቂት ነው ብሎ አንድ ሸክላ ከዝርዝሩ እንዲወጣ አይፈቅድም ነበር። በ1986 ባረፈ ጊዜም ሥራው አልተበተነም፤ በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶንያን ተቋም በ1987 ተረክቦ፥ ሸክላዎቹ ሁሉ ዘወትር እንዲገኙ ቃል ገብቶ፥ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀት ያሠራዋል።

የዚህ ጥቅም የታየው ኋላ ነው። ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985፥ ይልቁንም በግንቦት 1991 ከ14,000 የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ፥ ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያም ልጆቻቸው በዕብራይስጥ መጸለይ ስለ ተማሩ፥ የግዕዙ ዜማ በሽማግሌዎች ዘንድ ቀረ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ምርምር ማዕከልም ከቄሶቹ የተቀረጸውን ጸሎት በ2019 አሳተመ።

እንግዲህ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚሰማውን የአጨዳ ዘፈን፥ ፉከራውንና ሙሾውን እናስብ። ለእነዚህ ድጓ የላቸውም፤ ነጋዴም ትርፍ አያገኝባቸውምና አይፈልጋቸውም። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው ወደ አዝመራው ሜዳ ቢወርዱ፥ የዘፋኙን ስምና ቀበሌ ከድምፁ ጋር ቢመዘግቡ፥ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሸክላ ዜማን ይጠብቃል እንጂ ዘማሪን አይወልድም፤ የተቀረጸውን ለልጆች ማስተማር የሕያዋን ፈንታ ነው።