ሁለቱ ጠብታዎች፦ ማደንዘዣና ጀርም ገዳይ በዐይን ሞራ ሕክምና ታሪክ

የዐይን ሞራ የሚባለው በሽታ፥ በዐይን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፈው ጥርት ያለው ሌንስ ሲደፈርስና እንደ ጉም ሲጋርድ የሚመጣ ነው። ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ የተገኘው እውነተኛ መድኀኒት ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሐኪሙ ዐይን ለመክፈት በተነሣ ጊዜ ግን ሁለት ጠላቶች ይገጥሙታል፤ አንደኛው የበሽተኛው ሕመም፥ ሁለተኛው በቁስሉ በኩል የሚገባው ጀርም ነው። ሕመምን የሚያጠፋው ማደንዘዣና ጀርምን የሚገድለው መድኀኒት በየራሳቸው መንገድ ስለ ተገኙ፥ ታሪካቸውም ብዙውን ጊዜ ለየብቻው ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ባንድነት መመርመርና፥ አንዱ ለሌላው አንድ ጊዜ ረዳት፥ ሌላ ጊዜ ዕንቅፋት ሆኖ መገኘቱን ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሁለቱም ያልነበሩበት ዘመን

በጥንት ዘመን በህንድም ሆነ በሌሎች አገሮች የነበሩ ሐኪሞች ሞራውን ከዐይን አያወጡትም ነበር፤ በመርፌ ገፍተው ከብርሃን መንገድ ላይ ወደ ታች ይጥሉት ነበር እንጂ። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1750 በላይፕዚግ ከተማ ጆን ቴይለር በሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እጅ ሁለት ጊዜ ዐይኑን ታከመ፤ ነገር ግን ታውሮ ቀረ፥ ከጥቂት ወራትም በኋላ ሞተ።

ከዚያ ቀደም ሲል በ1747 ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪዬል፥ ሞራውን ገፍቶ በመጣል ፈንታ ኮርኒያ የሚባለውን የዐይን ጥርት ያለ ክዳን ቈርጦ ወደ ውጭ አወጣው። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበረ። ይሁን እንጂ ሰፊ ቁስል መክፈት ማለት ለጀርምም ሰፊ በር መክፈት ነው። ማደንዘዣም ስላልነበረ፥ ረዳቶች የበሽተኛውን ራስ አጥብቀው ይይዙ ነበር፤ በመካከል ቢደነግጥና ቢንቀሳቀስ ዐይኑ ሊጠፋ ይችላል።

፪. የኮካይን መገኘት

በ1846 በቦስተን ዊልያም ሞርተን በኤተር፥ በ1847 በኤዲንበርግ ጄምስ ሲምፕሰን በክሎሮፎርም በሽተኛን አስተኝተው ማከም እንደሚቻል በገለጡ ጊዜ፥ ሕመም ድል የተነሣ መስሎ ነበር። የዐይን ሐኪሞች ግን ብዙ አልተጠቀሙበትም። በሽተኛው ከእንቅልፉ ሲነቃ ያስታውከዋል፤ በዚያን ጊዜ የዐይን ቁስል በክር አይሰፋም ነበርና፥ የማስታወኩ ግፊት በዐይን ውስጥ ያለውን ሁሉ በቁስሉ በኩል ሊያስወጣው ይችል ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሰውየውን ሳይሆን ዐይኑን ብቻ የሚያስተኛ መድኀኒት ነበረ።

ይህ መድኀኒት በሰው እጅ ሳለ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ጀርመናዊው አልበርት ኒማን በ1860 ገደማ ኮካይንን ከኮካ ቅጠል ለይቶ ሲያወጣ፥ ምላስን እንደሚያደነዝዝ ተመልክቶ ነበር። ነገሩን ወደ ዐይን ያመጣው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በቪየና ይሠራ የነበረው የ26 ዓመቱ ወጣት ሐኪም ካርል ኮለር ነው። ወዳጁ ሲግመንድ ፍሮይድ የኮካይንን ጠባይ ሲመረምር ኮለር አብሮት ነበረ። በ1884 በመጀመሪያ በእንስሳት ዐይን፥ ቀጥሎም በራሱ ዐይን ላይ አንጠብጥቦ፥ ኮርኒያን በመርፌ ጫፍ ቢነኩት እንኳ እንደማይሰማው አረጋገጠ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1884 በሃይደልበርግ በተደረገው የዐይን ሐኪሞች ጉባኤ ጽሑፉ ተነበበ፤ ኮለር ግን ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ያነበበለት ሌላ ሐኪም ነው።

፫. የጀርም ትምህርትና የኮካይን ጕድለት

በዚያው ዘመን ሁለተኛው ታሪክ በሌላ መንገድ ይጓዝ ነበር። ጆዜፍ ሊስተር በግላስጎ ካርቦሊክ አሲድ ቁስልን ከመመርቀዝ እንደሚጠብቅ በ1867 አሳተመ። ይሁን እንጂ ለእግርና ለእጅ ቁስል የበጀው ይህ መድኀኒት ዐይንን ያቃጥላል። ዐይን ጀርም ገዳይ ጠብታን ሊሸከም እንደሚችል ያሳየው የላይፕዚጉ የማዋለድ ሐኪም ካርል ክሬዴ ነው፤ ከ1880 ጀምሮ በተወለዱ ሕፃናት ዐይን ላይ ከ100 እጅ 2 እጅ የብር ናይትሬት ያለበትን ውሃ ቢያንጠባጥብ፥ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉን ይይዝ የነበረው የዐይን መግል ከ1 በታች ሆነ።

ሁለቱ ታሪኮች መጀመሪያ የተጋጩት እዚህ ላይ ነው። የጀርም ትምህርት የቀዶ ሕክምና ዕቃና መድኀኒት ሁሉ እንዲቀቀል ያዝዛል፤ ኮካይን ግን ሲፈላ ይበላሻል፥ ኀይሉም ይቀንሳል። እንግዲህ ሕመምን ሊያጠፋ የገባው ጠብታ ራሱ የጀርም መጓጓዣ ሊሆን ይችል ነበር። ከዚህም በላይ ኮካይን የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ያደርቃል፥ ያቈስላልም፤ የቈሰለ ሽፋን ደግሞ ጀርምን አይከለክልም። በ1905 ለሐኪሞች የቀረበው የአልፍሬድ አይንሆርን ፕሮካይን መፍላትን ይችላል፤ ነገር ግን በላይ ቢያንጠባጥቡት ወደ ውስጥ ደኅና አድርጎ ስለማይዘልቅ በመርፌ መሰጠት ነበረበት። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት በብዙ ቦታ ሐኪሞች ማደንዘዣውን ከዐይን በስተኋላ በመርፌ ይወጉ ነበር፤ ይህም ደም የማፍሰስና አንዳንድ ጊዜም ዐይኑን ራሱን የመብሳት አደጋ ነበረበት።

፬. ፖቪዶን አዮዲን

አዮዲን ከ1811 ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም በአልኮል የተበጠበጠው ዐይንን ይፈጃል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ አዮዲንን ፖቪዶን ከሚባል ነገር ጋር አጣምሮ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ማድረግ ተቻለ። በ1984 በካሊፎርኒያ ሊዮናርድ አፕትና ሸርዊን አይዘንበርግ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር፥ ይህ መድኀኒት ከቀዶ ሕክምና በፊት ዐይን ላይ ሲፈስ ጀርሞችን እጅግ እንደሚቀንስ አሳተሙ። በ1991 ደግሞ ስፒከርና ሜኒኮፍ በኒውዮርክ ያገኙትን ገለጡ፤ ከ100 እጅ 5 እጅ ፖቪዶን አዮዲን በተሰጠበት ክፍል፥ በዐይን ውስጥ የሚነሣው አደገኛ መግል ከ10,000 በሽተኞች 6 ያህሉን ሲይዝ፥ የብር መድኀኒት በተሰጠበት ክፍል ግን 24 ያህሉን ይዟል። ቍጥሩ በሁለቱም በኩል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይህ መግል ዐይንን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊያጠፋ ይችላልና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አዮዲኑ ዐይንን ስለሚለበልብ፥ በቅድሚያ ማደንዘዣ መንጠብ አለበት። በዚህ ጊዜ ማደንዘዣው ለጀርም ገዳዩ መንገድ ጠራጊ ሆነ።

፭. የተራ ጕዳይ

ቻርልስ ኬልማን በ1967 ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በትንሽ ቀዳዳ መምጠጥን ከጀመረ ወዲህ፥ ቁስሉ እየጠበበ ሄደ፤ በ1990ዎቹም መርፌው ቀርቶ በጠብታ ብቻ ማከም ተስፋፋ። ጠብታው ግን በእንባ ቶሎ ይታጠባል። ስለዚህ በዐይን ላይ ተጣብቆ የሚቈየውን፥ ጄል የሚባለውን ዝልግልግ ሊዶካይን መጠቀም ተጀመረ።

አዲሱ ጥቅም አዲስ ጕዳት ይዞ መጣ። አዮዲን የሚገድለው የነካውን ጀርም ብቻ ነው፤ ጄሉ በቅድሚያ ከተቀባ ግን በጀርሙና በአዮዲኑ መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። በ2008 በታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት፥ ጀርም ባለበት ሳሕን ላይ ጄል ቀድሞ አዮዲን ሲከተል ብዙ ጀርም ተርፎ ተገኝቷል፤ አዮዲን ሲቀድም ግን ጀርሙ ሞቷል። ሳሕን ዐይን አይደለም፤ ዐይን ይርገበገባል፥ ያነባል። ማደንዘዣዎችም ራሳቸው ጀርምን በመጠኑ እንደሚያዳክሙ የሚያስረዱ አሉ፤ ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን የአዮዲንን ሥራ ሊተካ የሚችል ኀይል አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛው ተራ፦ በመጀመሪያ ውሃማው የማደንዘዣ ጠብታ፥ ቀጥሎ አዮዲን፥ አዮዲኑም ሥራውን እንዲሠራ ጥቂት ጊዜ መጠበቅ፥ ጄል ካስፈለገም ከዚያ በኋላ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ አንድ መድኀኒት ለብቻው ሲመረመር መልካም ሆኖ ሳለ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ጠባዩ ሊለወጥ እንደሚችል ነው። የኮካይን ጕድለት የታወቀው የጀርም ትምህርት በመጣ ጊዜ፥ የጄሉም ዕንቅፋትነት የተገለጠው ከአዮዲን ጋር በተፈተነ ጊዜ ነው። ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም፤ በ2006 በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዐይነ ስውሮቻችን ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዐይን ሞራ መሆኑን አስረድቷል። ብዙ መድኀኒትና ብዙ መሣሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁለት ጠብታዎች የትኛው መቅደም እንዳለበት ማወቅ ግን ዕውቀትና ጥንቃቄ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።