ምርመራው «ምንም የለም» ሲል፦ ስለማይለቅ የሽንት ፊኛ ሕመም

በካምፓችን ትምህርት ቤት አስተምራለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ማንበብ ስለምንችል ሰዎች የክሊኒክ ወረቀታቸውን ይዘው እኛ መምህራን ጋ ይመጣሉ። ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ሽንቴ ኢንፌክሽን የለውም አሉኝ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?» ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ምንድነው?
ፊኛ በሽንት ሲሞላ ከእምብርት በታች ያማል፣ ሲሸኑ ቀለል ይላል፣ ቀንም ሌሊትም ያመላልሳል። የአሜሪካ የሽንት አካላት ሐኪሞች ማኅበር እንደሚለው፣ ምልክቱ ከ6 ሳምንት በላይ ቆይቶ ኢንፌክሽንም ሆነ ሌላ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘ «የፊኛ ሕመም ሲንድሮም» ይባላል። የቆየ ስሙ ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ ነው። ይበልጥ የሚታየው በሴቶች ላይ ቢሆንም ወንዶችንም ይይዛል።

ምርምሩ ወዴት እየሄደ ነው?
በ1915 አሜሪካዊው ሐኪም ጋይ ሃነር በፊኛ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ቁስልን ገለጸ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩረቱ ፊኛው ላይ ብቻ ነበር። ቁስሉ ግን በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ አይገኝም። በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ፔንቶሳን የተባለ መድኃኒትም የፊኛን የውስጥ ሽፋን ያግዛል ተብሎ የታሰበ ነው፤ በ2020 ግን ዓይን ሊጎዳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት።

በ2008 በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመ ትልቅ የምርምር ቡድን ጥያቄውን አሰፋው። ብዙ ሕሙማን የአንጀት ወይም የመላ ሰውነት ሕመም እንዳለባቸው፣ ነርቭና አንጎልም ሕመሙን ሊያጎሉት እንደሚችሉ ታየ። ጡንቻም ተጠና። በ2012 በወጣ ጥናት፣ የተጨማደዱ የዳሌ ውስጥ ጡንቻዎችን በሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒ ከታከሙት ሴቶች 59 በመቶው ተሻላቸው፤ ተራ ማሳጅ ካገኙት ግን 26 በመቶው ብቻ። የ2022 መመሪያም ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መከተሉን ትቶ፣ ሕክምናው እንደ ሰውየው ይሁን ብሏል።

ለእኛስ?
• መጀመሪያ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ይጣራ። በእኛ አካባቢ ቢልሃርዚያ፣ የሽንት አካላት ቲቢና ጠጠር ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።
• ሽንት ላይ ደም፣ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ካለ ቶሎ ክሊኒክ ሂዱ።
• ኢንፌክሽን ሳይኖር አንቲባዮቲክ ደጋግሞ መዋጥ ይህን ሕመም አያድንም፤ ጀርሞቹን መድኃኒት ያለማምዳል።
• ቡና፣ ሚጥሚጣ፣ ቲማቲምና ሎሚ አንዳንዶችን ያባብስባቸዋል። ለጥቂት ሳምንት ትታችሁ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ሞክሩት።
• ሽንት ቤቱ ሩቅ፣ መንገዱ ጨለማ ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ሽንትን ያወፍራል፣ ፊኛንም ያስቆጣል። ይልቅ ጠዋትና ቀን ጠጡ፤ ማታ ቀንሱ።
• ለ3 ቀን የሸናችሁበትን ሰዓት፣ የሕመሙን መጠን፣ የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ጻፉ። መጻፍ የማይችል ሰው ልጁን ወይም እኛን ይጠይቅ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ስታሳዩ «ምርመራው ንጹሕ ነው፣ ሕመሙ ግን አለ» በሉ፤ እንዲህ ማለት አያሳፍርም።