ምርት ሲቋረጥ ከሥራ ለሚሰናበቱ ሠራተኞች የሚሰጥ ድጋፍ በኢትዮጵያ

ምርት ሲቋረጥ ለሚሰናበቱ ሠራተኞች የሚሰጥ ድጋፍ ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም ሥራው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ሠራተኛው የሚያገኘውን ክፍያ፣ ሥልጠናና የሥራ ማፈላለግ አገልግሎት ያጠቃልላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህ የድጋፉ ዋና ክፍል ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን በሕግ ተገዶ ከሚከፍለው አሠሪ ይመጣል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

አሜሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የንግድ ሕግ፣ በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ላጡ ሠራተኞች የድጋፍ ፕሮግራም አቋቋመች። ፕሮግራሙ በ1974 እ.ኤ.አ. ተስፋፍቶ ሥልጠናን፣ የገቢ ድጎማንና ለሥራ ሲባል መኖሪያ ለመቀየር የሚሰጥ ድጋፍን ይሸፍን ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አዲስ አመልካቾችን መቀበል አቁሟል። የአውሮፓ ኅብረትም ለተመሳሳይ ዓላማ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ፈንድ አለው።

የአጎዋ መታገድና ፋብሪካዎች

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና የአዲስ አበባው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ የሚያመርቱ ኩባንያዎችን አስተናግደዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ያስገቡ የነበረው በአጎዋ ሕግ መሠረት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከዕድሉ እንደሚያግድ አስታወቀ፤ እገዳውም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተፈጻሚ ሆነ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ። ትእዛዝ የቀነሰባቸው ሌሎች ፋብሪካዎችም ሠራተኞችን አሰናበቱ።

የሕግ መሠረት

ጉዳዩን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሕጉ ሠራተኛ ቅነሳንና የድርጅት ለዘለቄታው መዘጋትን ለይቶ ያያል። ቅነሳ የሚባለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞች ሲሰናበቱ ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው በሥራ ላይ የመቆየት ቅድሚያ አላቸው። በቅነሳ ለሚሰናበት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

የሥራ ስንብት ክፍያ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳም ሆነ በመዘጋት ምክንያት ሲሰናበት የስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳና በመዘጋት ጊዜ ደግሞ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል።

ለምሳሌ አማካይ የቀን ደመወዟ 100 ብር የሆነና 4 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት 3,000 ብር፣ በተጨማሪም 6,000 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ታገኛለች።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የሠራተኛው ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ክስ ማቅረብ የሚቻለው ግን ውሉ ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ገደብ በተለይ አሠሪው የውጭ ኩባንያ ሲሆን ሠራተኛውን ይጎዳል፤ ኩባንያው ማሽኑን ሸጦ ከአገር ከወጣ በኋላ ፍርድ ማስፈጸም አስቸጋሪ ነውና።

የመንግሥት ድርሻ

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ (አዋጅ ቁጥር 1268/2014) ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ ይሰበስባል። የሚሸፍነው ግን እርጅናን፣ የጤና ጉድለትንና ሞትን እንጂ ሥራ ማጣትን አይደለም። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን የሚመርጠው በድህነት መጠን ነው። በአዲስ አበባ፣ ለምሳሌ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ የሚኖር ሥራ ያጣ ሰው በወረዳው ሥራ ፈላጊነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ምዝገባው ግን ገቢ አያስገኝም። ዘርፉን በአገር ደረጃ የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

በኮቪድ-19 ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት ሠራተኛ ማሰናበት ተገድቦ ነበር። የጀርመን መንግሥትና የዓለም የሥራ ድርጅትም ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዝ ድጎማ ሰጥተዋል። ድጎማው ጊዜያዊ ስለነበር ቋሚ የሥራ አጥነት ፈንድ አልሆነም።