ጨውና ሕሊና

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ላደግን ልጆች፣ «ዜጋ ፍትሕ የጎደለውን ሕግ አልቀበልም የማለት ግዴታ አለበት ወይ?» ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ጎመን በጤና» ነው። እስቲ ከመፍረዳችን በፊት የሕንድን ታሪክ እንይ።

እንግሊዝ ሕንድን በቅኝ ስትገዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ሕግ ጨው ማምረትና መሸጥ የመንግሥት ብቻ ሆነ። ባሕር ዳር የተወለደ ደሃ ከደጁ የደረቀውን ጨው ቢያነሳ ወንጀለኛ ተባለ! ጨው ሀብታሙም ደሃውም የሚበላው ስለሆነ ግብሩ የሚከብደው ደሃው ላይ ነበር። በ1930 ጋንዲ 78 ያህል ተከታዮቹን ይዞ ከሳባርማቲ ተነሣ፤ 24 ቀን በእግሩ ተጉዞ ዳንዲ ከሚባለው ጠረፍ ደረሰ፤ ኤፕሪል 6 ቀን ጨው አነሳ። ይህን እንደሚያደርግ ለእንግሊዙ እንደራሴ አስቀድሞ ጽፎለት ነበር። ሌባ ሕግ የሚጥሰው ተደብቆ ነው፤ እሱ ግን በጠራራ ፀሐይ ጣሰ፣ እስራቱንም ተቀበለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር 2,500 ያህል ሰዎች ወደ ዳራሳና የጨው ማምረቻ ተጓዙ። ፖሊሶች ብረት በተገጠመለት ዱላ ራስ ራሳቸውን ሲሏቸው አንዱም እጁን አላነሳም። ልብ እንበል፤ አዛዦቹ ጥቂት እንግሊዞች ሲሆኑ የሚደበድቡት ግን ሕንዶች ነበሩ። መቺውም ተመቺውም ያገር ልጅ! ባንጻሩ በጉጅራት ብዙ የመንደር ሹሞች «በቃን» ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ ግፍ የሚቆመው በገዢው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በሚታዘዘውም እጅ ነው።

«ሁሉም ያልጣመውን ሕግ ከጣሰ አገር ይፈርሳል» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በ1922 ቻውሪ ቻውራ ላይ ሕዝቡ ጣቢያ አቃጥሎ ከ20 በላይ ፖሊሶች ሲሞቱ፣ ጋንዲ ራሱ ትግሉን አስቁሟል። ትርፉም ባንድ ጀንበር አልመጣም፤ ከ60,000 በላይ ሰው ታስሮ፣ በ1931 ስምምነት የተገኘው የጠረፍ ሰዎች ለራሳቸው ጨው እንዲያነሱ መፈቀዱ ነበር እንጂ ሕጉ አልተሻረም።

ታዲያ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም? እኛ ሁለት ግዴታ አለ እንላለን። የመጀመሪያው በገዛ እጅ ግፍ አለመፈጸም ነው፤ ከዚህ ማንም ነፃ አይደለም፣ ዱላ ያዡም፣ ማኅተም መቺውም። ሁለተኛው አደባባይ ወጥቶ እስራትን መቀበል ነው። ይህን፣ አምስት ልጅ በቀን ሥራ የምታሳድገውን እናት «ግዴታሽ ነው» ብለን ልንጭንባት አንችልም። ከደሃው ግብር እየበላን የምንማረው እኛ ግን «ጎመን በጤና» ስንል ማፈር አለብን። ማወቅ ዕዳ ነውና።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገራችን ሰው። የተማረም ሰው እንዲሁ ነው።