የአሕዛብ ጻድቃን ዛፍ

ናዚዎች አይሁድን ባሳደዱ ዘመን ለነፍሳቸው ሳይሳሱ ስደተኞቹን የሸሸጉ ሰዎች «የአሕዛብ ጻድቃን» ይባላሉ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1962 በኢየሩሳሌም በያድ ቫሼም ለነርሱ መታሰቢያ የመጀመሪያዎቹ 11 ዛፎች ተተከሉ።

ቅጠሉ በክረምትም በበጋም የማይረግፍ ዛፍ ማግኘት አያስቸግርም፤ ዝግባም ጥድም አለ። የተመረጠው ግን ካሮብ ነው፤ ጽኑ ሲሆን እንደ ዝግባ ግርማ የለውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ የተመኘው የእሪያዎች ምግብ የዚህ ዛፍ ፍሬ እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ይተረጕማሉ። ለክብር መታሰቢያ እንግዳ ምርጫ ይመስላል! ነገር ግን ከሸሻጊዎቹ ብዙዎቹ ገበሬዎችና የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራቸውም በጐተራና በጓዳ ተሰውሮ የተሠራ ነው።

በኋላ የመትከያው ስፍራ ጠበበ፤ ስለዚህ በ1996 በተሠራው የአትክልት ቦታ ስማቸው በድንጋይ ግድግዳ ላይ ይቀረጽ ጀመር።