ሕገ መንግሥት ውል ከሆነ ተዋዋዮቹ እነማን ናቸው? ከሆሳዕና ሲታይ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተናጋሪው «እኛ» ነው። ይህ «እኛ» ግን ዜጎችን በነጠላ አይቆጥርም፤ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው የሚለው። አንቀጽ 8ም የአገሪቱን ሉዓላዊ ሥልጣን በቀጥታ ለእነርሱ ይሰጣል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ ለሚኖር ሰው ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዞኑ፣ ክልሉ፣ የሚዳኝበት ፍርድ ቤት ሳይቀር ከዚህ «እኛ» ትርጉም የሚመነጩ ናቸውና።

ሰነዱን ውል ነው የሚለው አስተሳሰብ በአውሮፓ ማኅበራዊ ውል ተብሎ ይታወቃል። ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ሰዎች እርስ በርስ ከመጠፋፋት ለመዳን ለአንድ ገዢ ሥልጣን ይሰጣሉ አለ። ሎክ ገዢው ውሉን ካፈረሰ ሕዝቡ ሥልጣኑን ሊመልስ ይችላል ብሎ ጨመረበት። ሩሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1762 ሥልጣን ከሕዝቡ የጋራ ፈቃድ ውጭ ሊሆን አይችልም ሲል ጻፈ። በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት ቢኖርም ሦስቱም የሚነሱት ከነጠላ ሰው ነው። የእኛው ሕገ መንግሥት በዚህ ይለያል። ቅርጹን ለሙስሊም አንባቢ ለማስረዳት የመዲናው ሰነድ ይቀላል፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከሒጅራ በኋላ ያጸደቁት ያ ጽሑፍ ተዋዋዮቹን በጎሣ በጎሣቸው እየጠራ ይዘረዝራል፣ ክርክር ሲነሳ ወዴት እንደሚቀርብም ይናገራል።

በአካባቢያችን ከዚህ የሚቀርብ ቃል አለ። በሐዲያና በከምባታ ሽማግሌዎች የሚያስከብሩት የማኅበረሰብ ደንብ «ሴራ» ይባላል። (በአማርኛ ሴራ ሲባል ወዲያው ተንኮል ይታሰባል፤ በሀላባ፣ በከምባታና በሐዲያ ግን ሕግ ነው።) ደንቡ የሚጸናው ሰው ሁሉ የኔ ነው ብሎ ስለሚቀበለው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው መቀበል ላይ ነው። በሽግግሩ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 7/1984 አገሪቱ በ14 ክልሎች ስትከፈል ጉራጌ፣ ሐዲያና ከምባታ ክልል 7 ሆነው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክልል 7 እስከ 11 ተዋህደው ደቡብ ክልል ሆኑ፤ ለዚህ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። በ1985 የሐዲያው ዶክተር በየነ ጴጥሮስና አጋር የደቡብ ፓርቲዎች በፓሪስ ከተካሄደው የተቃዋሚዎች ጉባኤ በኋላ ከሽግግሩ ምክር ቤት ተባረሩ። ሕገ መንግሥቱ ሕዳር 29 ቀን 1987 ሲጸድቅ በአካባቢው ደጋፊ የነበረው ተቃዋሚ ወገን ከአዳራሹ ውጭ ነበር። በሌላ በኩል ግን ይኸው ወገን በ1992 በዚሁ ሕገ መንግሥት ሥር ተወዳድሮ በሐዲያ የፓርላማ ወንበሮች አሸንፏል። ሎክ እንዲህ ያለውን በተግባር የተገለጸ ስምምነት ሊለው ይችላል። እኛ ግን ጨዋታው ውስጥ መግባትና ሕጉን ወዶ መፈረም አንድ ነው ለማለት ይከብደናል።

ውል ሲያከራክር ማን ይተርጉመው? በብዙ አገሮች ፍርድ ቤት ነው። በኢትዮጵያ በአንቀጽ 62 መሠረት ተርጓሚው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የውሉ ባለቤቶች ብሔሮች ከሆኑ ትርጉሙም የእነርሱ ተወካዮች ይሁን ተብሎ ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት ያሉት ሲሆን ጉዳዩን አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ደካማ ጎኑ ግልጽ ነው፤ ተርጓሚው ራሱ የፖለቲካ ተቋም ነው። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ትርጉም የጠየቀውም የተረጎመውም በአንድ ገዢ ፓርቲ አባላት የተሞላ ምክር ቤት ነበር።

ሆኖም ምክር ቤቱ ሁልጊዜ ለኃያሉ ወገን አላደላም። ጎረቤታችን ስልጤ ማንነቴ ከጉራጌ የተለየ ነው ብሎ ለዓመታት ሲሟገት ጉዳዩ እዚያ ደርሷል። መልሱን የሰጠው በ1993 የተደረገው የስልጤ ሕዝብ የራሱ ድምፅ ሆነ፤ ወራቤም የዞን ከተማ ሆነች።

ለአንባቢያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዲት ሙስሊም እናት በአዲስ አበባ በአንድ የውርስ ቤት ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማይፈልጉ ቢያስታውቁም ፍርዱ ቀጠለ፣ በይግባኝም ጸና። ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1996 ያለ ፈቃድ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። ይህን ውሳኔ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ላይ የተቃጣ አድርገው የሚያዩ አሉ። እኛ በተቃራኒው እናየዋለን፤ ወዶ የመጣ ተከራካሪ ያለበት ፍርድ ቤት ፍርዱ ይከበራል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ተከሳሽ እንደተስማማ ይቆጥራል። አንዴ ዳኝነቱን ከተቀበሉ ደግሞ ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ በተለይ እናቶችና እህቶች የውርስ መጥሪያ ሲደርሳቸው ዝም ብለው ቤት መቀመጥ የለባቸውም፤ ቀርበው እሺ ወይም አልፈልግም ማለት ይገባቸዋል። የክልል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በየክልላቸው ሕግ ቢመሩም የፈቃዱ ጉዳይ ከሕገ መንግሥቱ ስለሆነ እነርሱንም ይይዛል።

ወደ ክልሉ እንመለስ። አንቀጽ 47 ማንኛውም ብሔር በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ክልል የመሆን ጥያቄ ካቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል። በ2011 ወላይታን፣ ጉራጌንና ሐዲያን ጨምሮ የበርካታ ዞኖች ምክር ቤቶች ጥያቄውን አጸደቁ። ሲዳማ ሕዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ዞኖች በጋራ እንዲደራጁ የሚለው መንገድ በረታ። ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ኢትዮጵያ በሕዝበ ውሳኔ ሲቋቋሙ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ሀላባ፣ ስልጤ፣ ጉራጌና የም ያሉበት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ግን ከነባሩ ክልል የቀረው ክፍል ተብሎ ነሐሴ 2015 ያለ ሕዝበ ውሳኔ ተመሠረተ። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት አስቀድሞ የክላስተር አደረጃጀቱን በአብላጫ ድምፅ ውድቅ አድርጎት ነበር።

ሕዝበ ውሳኔ ያስፈለገው ለሚወጣው ነው፣ ለሚቀረው አይደለም የሚል ክርክር አለ፤ በአንቀጹ ቃል ብቻ ካየነው ያስኬዳል። ነገር ግን ስሙ፣ ድንበሩና ከተማው የተለወጠበት ክልል ቀሪ ነው ወይስ አዲስ? በ1984 ከነበረው ክልል 7 ጋር ካርታው ቢቀራረብም ያኔም ዛሬም ሕዝቡ ድምፅ አልሰጠበትም። ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮዎቹ እንደ ወራቤና ዱራሜ ባሉ ከተሞችም ተከፋፍለዋል። የከምባታ ሰው ለአንድ ጉዳይ ዱራሜ፣ ለሌላው ሆሳዕና ይሄዳል። አደረጃጀቱን የደገፉትም የተቃወሙትም ሰልፍ የሚይዙት በአንድ መስኮት ነው።